የወንድይፍራው ክርስትና አባት

ትርንጎ ባሏን ያስገደለችው ላድነው ብላ ነው። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ዘነበወርቅ ሰፈር ሄዳ የአንድ ሰው በር እስካንኳኳችበት ቀን ድረስም ለማንም አልተናገረችም።

በ1971 ዓ.ም. ቀራንዮ ውስጥ እንደ ባሏ እንደ ዱባለ ግቢ የሞላ ግቢ አልነበረም። ጎረቤቱ ለሁለት ኪሎ ስኳር ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ሲሰለፍ እነሱ በኩንታል ያስገቡ ነበር። ዱባለን ሰው የሚያውቀው በከሰል ነጋዴነቱ ነው። ከሰሉ እውነት ነው፤ ከየጆንያው ሆድ ውስጥ ግን በጅማ መንገድ ኬላ አልፎ የመጣ የኮንትሮባንድ ቡና ይወጣል። ሦስት የጭነት መኪና፣ አሥራ አምስት ሰው፣ ጉቦ የለመዱ የኬላ ጠባቂዎች... ቀጄላ የሚባለው ሹፌር ወሬ አወጣ ተብሎ በተጠረጠረ ጊዜ ዱባለ እራቱን እየበላ «ይሄ ልጅ አፉ ሰፋ» አለ። በሳምንቱ የቀጄላን ሬሳ ከወንዝ አወጡት። ትርንጎ ለቅሶ ደረሰች፤ ከሚስቱ ጎን ተቀምጣ አለቀሰች። ሌላ ምን ታድርግ?

ይገዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጫኝና አውራጅ ሆኖ ተቀጠረ፤ ጉልበታም፣ ሳቂታ፣ «እትዬ» ሲላት አፉ የሚጣፍጥ። አንድ ጠዋት ወባ ጣለውና ከሥራ ቀረ። ትርንጎ በዚያው ቀን ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድ፣ ፖሊሶችና ቤተሰቦቻቸው ብቻ የሚታከሙበት ክሊኒክ በር ላይ፣ ካርዱን ይዞ እየተንቀጠቀጠ ተሰልፎ ከአውቶቡስ መስኮት አየችው። ነጭ ለባሽ ፖሊስ!

ለዱባለ ብትነግረው ወንዙ ሩቅ አይደለም። ዝም ብትል ደግሞ ባሏን ይወስዱታል፤ በኢኮኖሚ አሻጥር የተያዘን ሰው ደርግ አይምርም። ስምንት ዓመት የተለመነ ልጅ በሆዷ ይዛ የትኛውን ሬሳ ትምረጥ? ሦስት ሌሊት ሳትተኛ አሰበችና መፍትሔ ያገኘች መሰላት። ሰውዬውን ዘመድ ታደርገዋለች! በአባቷ አገር በጎጃም ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ካነሣ በኋላ አብረው ማዕድ ይቀርቡ ነበር። አበልጅ አበልጁን አሳልፎ ይሰጣል?

ልጁ አርባ ቀኑ ሲቃረብ «ክርስትናውን ይገዙ ያንሣው» አለች።

ዱባለ ሳቀ። «ጫኝና አውራጄ? ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ሰዎችህማ ሲጨንቃቸው ይሸጡሃል።»

«እሱስ?»

«እሱ አይሸጥህም።»

ቀራንዮ መድኃኔዓለም ይገዙ ሕፃኑን ወንድይፍራውን ታቅፎ ቆመ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትርንጎ ይህን አይታ ደስ አላት... ያ መንቀጥቀጥ መሐላ መሰላት! ክርስትናው ያሰረው ግን ባሏን ነበር። በወንድሙ እንኳ የማይተማመነው ዱባለ በዚያው ሳምንት ይገዙን መጋዘኑ ድረስ ወሰደው፤ ጉቦ የሚበሉትን በስም ነገረው፤ የቀጄላን ነገር ሳይቀር አጫወተው። «አበልጄ አይደለህ? ካንተ ምን እሸሽጋለሁ!»

ከሁለት ወር በኋላ ግቢው በወታደር ተከበበ። መኪኖቹ ተወረሱ፣ ቤቱም ተወረሰ። ትርንጎ ልጇን አዝላ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች፤ ዘጠኝ ወር ሙሉም እስር ቤት ስንቅ አመላለሰች። አንድ ሐሙስ የምግብ ሳህኑ ሳይከፈት ተመለሰላት። ዘበኛው ፊቷን ሳያይ «ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ» አላት። የት እንደቀበሩት የነገራት የለም። ጮኻ እንዳታለቅስ እንኳ ተከለከለች። ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ከሳሉ በኋላ ደም። የባሏ ዘመዶች ሸሿት። ሐኪሙም «የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ልጁን ካንቺ ለዪው፤ አለዚያ እሱንም ይዘሽው ትሄጃለሽ» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ሰው እንዲህ ያለውን ዕድል ነው ይላል። ትርንጎ ግን የራሷን እጅ ታውቃለች፤ ዕድልን አልወቀሰችም።

ይገዙ መቶ አለቃ ሆኖ ዘነበወርቅ የቀበሌ ቤት ተሰጥቶታል። በሩን ሲከፍት ደነገጠ።

«እትዬ... እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት።»

«አውቃለሁ። ፖሊስ መሆንህን ያወቅሁት ልጄን ከማንሣትህ በፊት ነው።»

«በፊት?» ግድግዳውን ተደገፈ። «ታዲያ ለጋሼ ዱባለ ለምን አልነገሩትም?»

«ይገድልህ ነበራ!»

የይገዙ እንባ በጉንጩ ወረደ፤ ትርንጎ ግን እሱን ለማባበል አልመጣችም። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነውን ወንድይፍራውን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ጫማውን ፈታችና አልጋው ሥር አጠገብ ለአጠገብ አደረገችለት።

«ትኩስ ወተት አይወድም፤ አብርድለት። ሌሊት ይባንናል፤ መብራት አታጥፋበት።»

«እትዬ፣ እኔ እንዴት...»

«ክርስትና አንሥተሃል። አሳድግ።»

«እማዬ!» ብሎ ልጁ እጁን ዘረጋ። ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ልትስመው ጎንበስ አለችና ሐኪሙ ያላት ትዝ ሲላት ቀና አለች። ሳትስመው ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።