ወደ ግራ የሚያዩ ልጆች

«የአባባ የዓይን ፋሻ ተነሥቶላቸዋል። ወደ ቤት እንሂድ ብላቸው እምቢ አሉኝ፤ ቀጥታ ወደ ስቱዲዮ ነው የምንመጣው» አለች እናቷ በስልክ።

«ያያሉ?»

«ማየትማ። መንገዱን ሙሉ ማስታወቂያ እያነበቡ ጆሮዬን አደነቆሩት። ደግሞ ፋሻው እንደተነሣ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሻለቃ ነው፤ ስለ እኔ እንዳይመስልሽ።»

ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ባንኮኒው ላይ ወደተቀመጠው ክብ የመስታወት ጎድጓዳ ዞረች። ውስጡ አንድ ትንሽ ወርቃማ ዓሳ ይዞራል። አናቱ እንደ ሎሚ ልሙጥ ነው። ጣጣው ያለው እዚያ ላይ ነው፤ የአያቷ ዓሳ ሻለቃ አናቱ ላይ እንደ ቀይ ቆብ የተቆለለ ሥጋ ነበረው።

አያቷ ፎቶ አንሺ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ብልጭታ» ይላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ በዚች አንድ ክፍል ውስጥ የሰፈሩን ሕፃናት ሲያነሱ ኖረዋል። ሕፃን ደግሞ ካሜራ ሲያይ ያለቅሳል። ስለዚህ መላ ዘየዱ፤ የዓሳውን ጎድጓዳ ከካሜራው በስተግራ ባለረጅም እግር ዱካ ላይ ያስቀምጡና «ሻለቃን እይ፣ ሰላም ሊልህ ነው» ይላሉ። ልጁ አፉን ከፍቶ ያያል። ቀጭ።

ከዚህ የተነሣ በሰፈሩ የትኛውም ቤት ቢገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሕፃን ወደ ግራ ነው የሚያየው። ባለፋርማሲው ወደ ግራ ያያል። ዛሬ ተማሪ የሚያንቀጠቅጡት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር እንኳ፣ በሦስት ዓመታቸው አፋቸውን ከፍተው ወደ ግራ ያያሉ። ልጅቷም የራሷን ፎቶ ባየች ቁጥር የቆዳ ወንበሩ ጭኗን ሲያቀዘቅዘው፣ ፊልም ከሚታጠብበት ጨለማ ክፍል የሚመጣው የመድኃኒት ሽታ አፍንጫዋን ሲነካት ይታወሳታል። ያ ክፍል ዛሬ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆኗል። ሽታው ግን በጥሞና ለሚያሸት ሰው አሁንም አለ።

አያቷ የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፉ የሄዱ ዕለት «ሻለቃን አደራ» ነበር ያሏት። አደራ ደግሞ ቀላል ቃል አይደለም። ሲመለሱ ሁሉም ነገር አብረቅርቆ እንዲጠብቃቸው ፈለገች። አረንጓዴውን ውሃ አንድም ጠብታ ሳታስቀር ደፋች። ጎድጓዳውንና ጠጠሮቹን በሳሙና ፈተገች፤ ከቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላችበትና ሻለቃን መለሰችው። መስታወቱ እንደ አዲስ አበራ። ከሰዓት በኋላ ሻለቃን በጎኑ ተንሳፎ አገኘችው።

በር ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ ሥር ቀበረችው። ከዚያ ወደ ዓሳ ሻጯ ሮጠች። ሴትዮዋ እጅጌዋ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ከጀርባዋ ገንዳዎች ተደርድረው ይፍለቀለቃሉ።

«ሳሙና?» አለች ሴትዮዋ። «በሳሙና ነው ያጠብሽው? የኔ እናት፣ ሰሐን አይደለም እኮ።»

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው።»

«ቆሻሻ ያልሽው ግማሹ ጤናው ነበር። ውሃውን ስትቀይሪ ከሦስት እጅ አንዱን ብቻ። የቧንቧውን ውሃ ደግሞ ቀድተሽ አንድ ቀን ታሳድሪዋለሽ፤ የተጨመረበት መድኃኒት ይውጣለት። ምግብ በሁለት ጣት ቆንጠር፤ ቶሎ በልቶ ከሚጨርሰው በላይ አይሰጥም። ደግሞ ያ ክብ ነገር ለእሱ እስር ቤት ነው። ሰፊ ገንዳ ቢኖረው ይህን ጊዜ ጡጫሽን ያህል ነበር።»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ገንዳዎቹ ውስጥ ነጠላ ጅራት ያላቸው ቀጫጭኖች እንደ ቀስት ይወነጨፋሉ። ድርብ ጅራታሞቹ ቀሚስ እንደሚጎትት ሰው ቀስ ይላሉ። ጥቁሩ ዓይነ ፈጣጣ ማንንም ሳያፍር ያፈጣል። ባለቆብ ስትጠይቅ ሴትዮዋ ልሙጡን አወጣችላት። «ዘሩ እሱ ነው። ቆቡ ግን ሲያድግ ነው የሚወጣለት፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል።»

ይሁን ብላ ወሰደችው። አያቷ እንደሆነ ፎቶ የሚያነሱት በልማድ ነበር፤ «ካሜራው ያያል፣ የኔ ሥራ ቁልፉን መጫን ነው» ይላሉ። ወርቃማ ነገር ውሃ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ይበቃቸዋል ብላ አሰበች። የሄዱት ዓይናቸውን ሊታከሙ፣ የሚመለሱትም ሊያዩ መሆኑ ትዝ ያላት ማታ አልጋዋ ውስጥ ነው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሷ ግን፣ የአያቷ ሁለቱም ዓይኖች በየተራ እስኪታከሙ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያደር ከበዳት።

አሁን እነሱ እስኪደርሱ፣ የሻለቃ ቆብ ምን ያህል ጎልቶ ይታይ እንደነበር ልታረጋግጥ የድሮ ፎቶዎች ያሉበትን ካርቶን ከመደርደሪያው አውርዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። አያቷ ከእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ቅጂ ያስቀራሉ። በአንዳንዶቹ ጥግ ላይ ጎድጓዳው ገብቶ ይታያል።

መጀመሪያ ያገኘችው እናቷን ነው፤ አምስት ዓመቷ፣ የፊት ጥርስ የላትም። ጥጉ ላይ ያለው ዓሳ ቀጭን ነው፤ ጅራቱም ነጠላ። ባለፋርማሲው ጋ ያለው ጥቁር ዓይነ ፈጣጣ ነው። ሌላው ላይ ሆዱ የተነፋ ድርብ ጅራት፣ ቀጥሎ ነጭና ቀይ፣ ቀጥሎ እንደ ብርቱካን ያለ። በመጨረሻ የራሷ ፎቶና ባለቆቡ። ደግማ ቆጠረች። ስድስት ዓሳ፤ ሁሉም ሻለቃ።

ስድስት ዓመቷ ሳለ «በእማ ፎቶ ላይ ቆብ የሌለው ለምንድነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። «ያኔ ተራ ወታደር ነበር። ቆቡ ከማዕረጉ ጋር ነው የመጣው» ነበር መልሳቸው። እውነት ነው ብላ ክፍል ውስጥ አውርታዋለች፤ ልጆቹ ስቀውባት ተደባድባለታለች።

«እሳቸውም ሲቀያይሩ ኖረዋላ» አለች ለራሷ። መጀመሪያ ቀለላት። እንግዲህ እኩል ነን፤ ዝም ብል ማን ይፈርድብኛል? ቀጥሎ ግን ለምን እንደሆነ ያልገባት ቅሬታ ተሰማት። ካርቶኑን ሳትከድነው በሩ ተከፈተ።

አያቷ መነጽር ሳያደርጉ ገቡ። ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «አንቺ ልጅ፣ አፍንጫሽ ላይ ነቁጥ ነበረሽ እንዴ?»

«ስወለድ ጀምሮ።»

«እኔ ሌንሱ ላይ ያለ አቧራ እየመሰለኝ ስወለውል ነው የኖርኩት።»

እናቷ እየሳቀች ሻይ ልታዝ ወጣች። አያቷ ወደ ጎድጓዳው ሄደው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ሻለቃ ማዕረጉ ተገፈፈ እንዴ?» አሉ።

መልስ ሳይጠብቁም ቀጠሉ። «ግድ የለም፣ ወጣትነቱ ተመልሶለት ይሆናል። እኔም ዛሬ ሃያ ዓመት ቀንሻለሁ። ነይ ቁጭ በይ፤ በአዲሱ ዓይኔ መጀመሪያ የማነሳው አንቺን ነው።»

ጎድጓዳውን አንሥተው በግራ በኩል ዱካው ላይ አስቀመጡት። ወንበሩ እንደ ድሮው ቀዝቃዛ ነበር፤ እግሯ ግን አሁን መሬት ይነካል።

«እንደ ድሮው። ሻለቃን እያየሽ።»

አየችው። ዓሳው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ማምለጫ በር ተከፍቶላታል፤ በሩን የከፈቱት አያቷ ራሳቸው ናቸው፤ ዝም ብትል ያልፋል። አንገቷን መለሰችና ካሜራውን ፊት ለፊት አየችው።

«ወደ ግራ» አሉ አያቷ።

«አባባ፣ እሱ ሻለቃ አይደለም። ሻለቃ ሞቷል። በሳሙና አጥቤ የገደልኩት እኔ ነኝ። የአበባው ማሰሮ ሥር ነው ያለው።»

አያቷ ከካሜራው ቀና አሉ። ከውጭ የሻይ ብርጭቆ ሲንኳኳ ተሰማ።

«የመጀመሪያውን እኔ በዳቦ ነው የገደልኩት» አሉ። «ይርበዋል እያልኩ ስፈረፍርለት። እናትሽ እንዳታለቅስ ብዬ በማግስቱ ሌላ አመጣሁ። አንድ ጊዜ ዝም ካልኩ በኋላ መናገሩ ከበደኝ።»

«ስድስት ናቸው። አሁን ቆጠርኳቸው።»

«ስድስት? እኔ አምስት ነበር የሚመስለኝ።» ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናትሽ እስከ ዛሬ አታውቅም።»

«ዓሳ ሻጯ ክቡ ይጠበዋል ብላለች። ሰፊ ገንዳ ይፈልጋል።»

አያቷ ጎድጓዳውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ አርባ ዓመት የዳሰሱት ጠርዝ ነው። «ታዲያ ልጆቹ ምን ይዩ?» አሉ፤ የጠየቁት ግን እሷን አይመስልም ነበር።

ልጅቷ ተነሣች። ጎድጓዳውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ውሃው እንዳይናወጥ ቀስ ብላ ወደ ባንኮኒው መለሰችው፤ የስድስቱ ሻለቆች ፎቶ ካለበት ከተከፈተው ካርቶን አጠገብ፣ እናቷ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ቦታ ላይ። ባዶውን ዱካ አልፋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አሁን ያንሡኝ» አለች፣ ካሜራውን ፊት ለፊት እያየች።