የመጨረሻውን አልበም እለፉት

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። ባለቤቴም አብራኝ ሰምታለች፤ ካላመናችሁኝ እሷን ጠይቋት።

እሁድ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ ሳሎናችን ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል።

ለአዲስ አድማጮች ያዘጋጀሁትን የአልበሞች መመሪያ ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል። ፒያኖን እንደ ከበሮ ስለሚደበድበው የሮክ ሙዚቀኛ፣ እኛ አድናቂዎቹ "ጋሽ ጥቁርና ነጭ" ስለምንለው ሰውዬ። ከመጀመሪያው ጀምሩ፣ የኮንሰርቱን ቅጂ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት ብያችሁ ነበር።

ስለ መጨረሻው ግን "እለፉት። ጣቶቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ ይህን ያልሰማ እሱ ብቻ ነው" ብዬ ጻፍኩ።

ሳቃችሁ። እኔም ደስ አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ... ከሁለተኛው ዘፈን አላለፍኩም ነበር።

ሴት ልጁ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ።

"ወንድሜ፣ አባዬ ታሟል። ጽሑፍህን ደጋግሞ ያነበዋል። እባክህ ያቺን መስመር አንሳልን።"

"አስተያየት ነው፣ እህቴ" አልኳት።

ሐሙስ ዕለት አረፈ።

ያን እሁድ አልበሙን በስልኬ ከፈትኩት። ቢያንስ አሁን እንኳ ልስማው ብዬ።

ያምር ነበር። ቀስ ያለ... አንጀት የሚበላ። አፈርኩ።

በዘፈኖቹ መሃል ወንበር ሲጥ ይላል። ከዚያ ሳል... የደከመ ሰው ሳል።

ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና አለች።

"ማነው የሚያስለው?"

"ቅጂው ላይ ነው።"

ፒያኖው ቆመ።

"ይሄኛውስ..." አለ የሽማግሌ ድምፅ፣ በሹክሹክታ። "ይሄኛውም ይታለፍ?"

ስልኬን ዘጋሁት። ስክሪኑ ጨለመ።

ፒያኖው ቀጠለ።

"ዝጋው እንጂ" አለች ባለቤቴ፣ ቀስ ብላ።

"ዘግቼዋለሁ።"

"ታዲያ ከየት ነው?"

ተነስቼ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

"ጋሼ..." አልኩ ማንም ወደሌለበት ጥግ። "ሳልሰማ ነው የጻፍኩት። ይቅር ይበሉኝ።"

ዜማው... እየቀረበ መጣ።

ባለቤቴ ክንዴን ጨብጣ ወደ ጠረጴዛው በአገጯ አመለከተችኝ።

አጥፋ የደረደረችው አንሶላ ላይ፣ ጨርቁ ጣቶች እንደሚጫኑት ከግራ ወደ ቀኝ በየተራ ይሰረጉዳል... ይመለሳል... ይሰረጉዳል።

ከዜማው እኩል።

ከዚያ ሙዚቃው ተቋረጠ። ጨርቁ ግን መሰርጎዱን አላቆመም... ያለ ድምፅ፣ ወደኛ በኩል ወዳለው ጠርዝ እየመጣ።