የተሸረፈችው ጂ

ፌንጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ፌንጣ ያሏት ቁጭ ማለት ስለማታውቅ ነው። ቤታቸው ከአባቷ ሱቅ ጀርባ ነው። አባቷ የሱቅና የጋራዥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይሠራል። የእንግሊዝኛ ፊደል ከፕላስቲክ ላይ በመጋዝ ይቆርጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ነጩ ብናኝ ምሳቸው ላይ ሳይቀር ያርፋል። እናቷ "ዛሬ ደግሞ የትኛውን ፊደል በላን?" ትላለች።

ፌንጣ ታናሽ እህት አለቻት፤ ሚጢጢ ይሏታል። ሚጢጢ ስትናገር ምላሷ ይያዛል። "እናቴ" ለማለት እንኳ ትታገላለች። ልጆች፣ የሚንተባተብ ሰው ስታዩ አትስቁም አይደል? ጎበዞች።

በጽሑፍ ግን ሚጢጢን የሚያህል የለም። አባቷ ሲቆርጥ የተበላሹበትን ፊደሎች ይሰጣታል። እሷ ወለሉ ላይ እየደረደረች ቃል ትሠራለች። የእንግሊዝኛን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ተጽፎ የማይነበብ ፊደል ሞልቶበታል። ሚጢጢ እነዚያን ዝምተኛ ፊደሎች ከሁሉ አብልጣ ትወዳቸዋለች። ከአባቷ በተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቀብታ፣ ለብቻቸው በከረጢት ታስቀምጣቸዋለች። ፊደል በእጇ ስትይዝ ምላሷም ይፈታል። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ዘንድሮ ሚጢጢ አንድ ክፍል ዘላ እህቷ ክፍል ገባች። ነገር የመጣው ያኔ ነው። ፌንጣ ስትጽፍ ፊደል ትገድፋለች፤ ሚጢጢ አትገድፍም። የእንግሊዝኛ መምህርታቸው ፌንጣን "እህትሽን ጠይቂያት" ይሏታል። ታናሽን መጠየቅ! ፌንጣ እርር ድብን ትላለች። ቤት ስትገባ አባቷ የሚጢጢን ደብተር ለደንበኛ ሲያሳይ ታገኘዋለች። አሁንም እርር ድብን። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ሚጢጢ ስትተነፍስ እንኳ "ይኸው፣ ትንፋሿም ልክ ነው!" ብላ ትናደዳለች። ቅናት እንዲህ ነው ልጆች። ምንም ያላደረገንን ሰው አፍንጫውን ሳይቀር ያስጠላናል።

አንድ ቀን መምህርታቸው "አርብ ክርክር አለን" አሉ። "የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይቅለል ወይስ እንዳለ ይቆይ?"

ፌንጣ እጇን አወጣች። "እኔ ይቅለል ባይ ነኝ!"

ለምን እንደሆነ ገባችሁ? ለተማሪ አዝና እንዳይመስላችሁ። የማይነበቡት ፊደሎች ከተጣሉ ሚጢጢ በምን ትበልጣለች? በምንም። ፌንጣ የፈለገችው ይህንን ነበር።

ከዚያ አንዲት ትንሽ እጅ ቀስ ብላ ወጣች። "እ-እ-እኔ ይ-ይቆይ ባይ ነኝ።" ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት። ሚጢጢ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም።

ሳምንቱን ሙሉ ፊደሎቿን ይዛ ተለማመደች። ፌንጣ ከመጋረጃው ጀርባ ትሰማታለች። ሚጢጢ አልተንተባተበችም! አባታቸው መጋዙን አቁሞ አዳመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ይቺ ልጄ አርብ ታኮራኛለች" አለ። ፌንጣም እኮ አርብ ትናገራለች። እሷን ማን አዳመጣት? መጋረጃውን ይዛ ከንፈሯን ነከሰች።

አርብ ጠዋት ሚጢጢ ፊቷን ስትታጠብ ፌንጣ ከረጢቱን ከእህቷ ቦርሳ አወጣችው። የት ትደብቀው? የማስታወቂያ ሠሪ ልጅ አይደለች? ብልጠቷም የዚያው ነው። ፊደል ከፊደል መሀል ቢገባ ማን ያገኘዋል? አባቷ ለአንድ ጋራዥ ሊለጥፋቸው ያዘጋጃቸው ሰማያዊ ፊደሎች በትሪ ላይ ነበሩ። የሚጢጢን ፊደሎች እዚያው ዘረገፈቻቸው። "ከክርክሩ በኋላ እመልሳቸዋለሁ" አለች ለራሷ። የሰረቀ ሁሉ እንዲህ ይላል።

በክርክሩ ፌንጣ ቀድማ ተነሳች። "የማይናገር ፊደል ምን ይሠራል? ቦታ ያጣብባል! የማይናገር ይጣል!" ልጆቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡ።

የሚጢጢ ተራ ደረሰ። እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ፈለገች። ቦርሳውን ገለበጠችው። እርሳስ ወደቀ፣ ላጲስ ወደቀ። ፊደሎቿ የሉም።

"እ-እ-እ..." አለች። ምላሷ ተሳሰረ። ከኋላ አንዱ "የማይናገር ይጣል!" ብሎ ጮኸ። ሚጢጢ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

ፌንጣ አሸነፈች። የቀለም እርሳስም ተሸለመች። ደስታውን ጠበቀችው፤ አልመጣም።

ቤት ሲደርሱ የጋራዡ ባለቤት ሱቁ ውስጥ ቆመው ይቆጣሉ። ሰሌዳቸውን መልሰው አምጥተውታል። "ጥርሱ የረገፈ ፊደል ለጠፍክብኝ እኮ ወንድሜ! ደንበኛዬ 'ፊደሉንም መኪና ገጨው ወይ?' ብሎ ሳቀብኝ!"

አባታቸው ጎንበስ ብሎ አየ። ጠዋት ጂ የምትባል አንዲት ፊደል ጎድላው ነበር፤ ትሪው ላይ ሲያገኛት በጥድፊያ ሳያስተውል ለጥፏታል። ጂዋ ጫፏ ተሸርፏል። ወዲያው አወቃት።

"ሚጢጢ! ይቺ ያንቺ አይደለችም? መጫወቻሽን ከሥራዬ አትቀላቅዪ ብዬ ስንቴ ልንገርሽ? ሰው ፊት አዋረድሽኝ!"

ሚጢጢ ጂዋን አየች። ከዚያ እህቷን አየች። ገባት። "ፌ-ፌ-" አለችና ከንፈሯን ገጠመች። ምላሷ ተይዞባት እንዳይመስላችሁ። እህቷን ላለማሳጣት ነው። እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

ፌንጣ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ሚጢጢ እንደሆን አትናገርባትም። ግን "የማይናገር ይጣል" ያለችው ማን ናት? እሷው ራሷ። የተጣለችው ደግሞ ይኸው ፊቷ ቆማ ታለቅሳለች።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ!" አለች ፌንጣ። "እኔ ነኝ የደበቅኳቸው። ቀንቼባት ነው። እንዳትናገር ብዬ ነው።"

አባቷ አልመታትም። ቢመታት ሳይሻላት አይቀርም ነበር። መጀመሪያ ወደ ሚጢጢ ዞሮ "ይቅር በይኝ ልጄ" አላት። ከዚያ መጋዙን ለፌንጣ ሰጣት። "በይ፣ ለጋሼ አዲስ ጂ ቁረጪላቸው።"

ጂ ክብ ናት፤ ለመቁረጥ ታስቸግራለች። እየተሰበረች እንደገና አስጀመረቻት። ጣቷ ውሃ ቋጠረ። ሚጢጢ ማንም ሳይጠራት መጣችና ፕላስቲኩን ያዘችላት። ፌንጣ ያን ጊዜ አለቀሰች።

"ይቅር በይኝ፣ ሚጢጢ።"

"እ-እሺ። ግን ጂ-ጂዬን መልሺልኝ።"

የዚያን ዕለት ፌንጣ ተንበርክካ "ጌታ ሆይ፣ ቅናቴን ውሰድልኝ" ብላ ጸለየች።

ሰኞ ፌንጣ የቀለም እርሳሶቹን የመምህርታቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ያደረገችውን ሁሉ ክፍሉ ፊት ተናገረች። ፊቷ በሀፍረት ቀላ። "ቲቸር፣ ተራዋን ይስጧት" አለች።

ሚጢጢ ተነሳች። ፌንጣ ፊደሎቹን የመለሰችበትን ከረጢት ይዛላት ከጎኗ ቆመች። ሚጢጢ የተሸረፈችውን ጂ ከፍ አደረገች።

"አባቴ የሚሠራው ሰሌዳ በእንግሊዝኛ ሳይን ይባላል። ይቺ ጂ እዚያ ቃል ውስጥ አለች፤ ግን ድምፅ የላትም። ምልክት መስጠት ደግሞ ሲግናል ይባላል። እዚያ ስትገባ ትናገራለች። ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው። ጂን ብንጥላት ዝ-ዝምድናቸውን በምን እናውቃለን?"

አንዴ ብቻ ተንተባተበች። ማንም አልሳቀም።

መምህርታቸው ድምፅ አሰጡ። ክፍሉ እኩል ለእኩል ተከፈለ። "አይዟችሁ፣ ትልልቆቹም አልተስማሙበት" ብለው ሳቁ። ፌንጣ እጇን ለየትኛው ያወጣች ይመስላችኋል? ለይቅለል! ፊደል መግደፏ መቼ ቀረ? ሚጢጢ ንግግሯን ስትጨርስ ግን እጇ እስኪቃጠል ያጨበጨበችው እሷ ነበረች።

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ለእህታችን የሰጣትን ብንደብቅባት ለእኛ አይጨመርልንምና፣ በሰው ስጦታ አንቅና።