ቶሮንቶ የሄደው የጀልባ ቁልፍ

ልጄ ሔራን ብሩክን ያገኘችው ጣና ዳር፣ እርጥብ ደንገል ተሸክማ ስትንሸራተት ነው። ከሐይቁ ዳር በሚቆረጠው ደንገል ቅርጫት እየሠራች ትሸጣለች። እሱ ሰው ወደ ገዳማቱ የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ነው። እጇን ይዞ አነሣት። ከተነሣች በኋላም እጇን ቶሎ አልለቀቀም አሉ።

እኔ ይህን ስሰማ የታየኝ ማዕበሉ ነው። ልጄ ገና ሳታገባ ባሏ የሰመጠባት ያህል አዘንሁ።

ስለዚህ ሽማግሌ ሲልክ፣ «ልጅቷ ለሥራ ውጭ አገር ልትሄድ ነው፤ ስትመለስ እንነጋገር» ብዬ መለስኋቸው። ውሸት አልነበረም። አንድ የቶሮንቶ ነጋዴ ቅርጫቶቿን በባዛር እንድታሳይ ጠርቷታል። በንግድ ጎብኚነት ቪዛ አገኘች። አሥራ አራት ቀን ብቻ፤ ታሳያለች፣ ትዋዋላለች፣ ትመጣለች። እዚያ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድም።

ካናዳ ሄዶ የተመለሰ ሰው ግን እኔ አላውቅም። ክፉ ቀን ቢመጣ ብዬ ሳልነግራት ዲግሪዋን፣ የልደት ካርዷንና አምስት ሹራብ ሻንጣዋ ሥር ከተትሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ብሩክ በቀይ ክር የታሰረ ቁልፍ አወጣ።

«ያዢው።»

«የጀልባዋን? በምን ልታስነሣት ነው?»

«አትነሣም። እስክትመጪ በሰው ጀልባ ላይ እሠራለሁ።»

«አብደሃል! ብቀርስ?»

መዳፏ ላይ አኖረው። እሷም ዐይኗን ከዐይኑ ሳታነሣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች።

«ትርፍ ቁልፍ የለህም?» አልሁት።

«ነበረኝ፣ እትዬ ሸዋዬ። ሐይቁ ውስጥ ወደቀ።»

«ይኸው! አላልሁም?»

በማግሥቱ ደወለች። ድምፅዋ ተቆጥቷል።

«እማዬ፣ ዲግሪዬን ለምን ከተትሽው?»

ቶሮንቶ ስትደርስ የኢሚግሬሽኑ ሰው ሻንጣዋን አስከፍቶ ኖሯል። «ለሁለት ሳምንት የመጣ ሰው ዲግሪ ምን ያደርግለታል? ይህ ሁሉ ሹራብስ?» ብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ አቆማት። ሊመልሷት ነበር። የጥሪ ደብዳቤውንና የመመለሻ ቲኬቱን አሳየች። ሰውየው አሁንም አላመነም።

«አንገትሽ ላይ ያለውስ?»

«የጀልባ ቁልፍ ነው። ሌላ የለውም። ካልተመለስሁ ጀልባዋም አትነሣ፣ ሰውዬውም ከዳር አይነሣ።»

ሰውየው ለጠሪዋ ነጋዴ ደውሎ አረጋገጠና ማኅተሙን መታላት።

«ምናልባት ብዬ እኮ ነው» አልኋት እያለቀስሁ።

«ምናልባት የለም፣ እማዬ። ሽማግሌዎቹን ለእሑድ፣ በመጣሁ ማግሥት ቅጠሪልኝ።»

ብትቀርብኝ በሽማግሌ ፊት ምን ልል ነው? ሦስት ቀን አመነታሁ። በአራተኛው ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድሁና የሽማግሌዎቹን አለቃ መሪጌታ መርስዔ ኀዘንን ለእሑድ ቀጠርኋቸው።

ባዛሩ ላይ አንዲት ያገራችን ሴት፣ «ሞኝ፣ እዚሁ ቅሪ» አለቻት አሉ። ሔራንም፣ «ቅርጫቱ የሚሠራው ባሕር ዳር ነው። ደንገሉም ሰውዬውም እዚያ ናቸው» ብላ ውሏን ፈርማ ተነሣች።

ቅዳሜ ከሰዓት ደረሰች። ቤት አልገባችም፤ ሻንጣዋን እየጎተተች በቀጥታ ወደ ሐይቁ፤ እኔም ተከትዬ። ብሩክ ጀልባዋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ብድግ አለ። ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

ሞተሩ አንዴ አጓራና ጠፋ። ሁለተኛም ጠፋ።

«ይኸው፣ ተበላሽቷል!» አልሁ።

በሦስተኛው ተነሣ። ሁለቱም እየሣቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ ሸዋዬ፣ ይግቡ እንጂ!»

ሁለት የመንሳፈፊያ ጃኬት ደርቤ ገባሁ። እስክንመለስ ዐይኔን አልገለጥሁም።

እሑድ መሪጌታ እንደ ተቀመጡ፣ «ወይዘሮ ሸዋዬ፣ ዛሬም ቀጠሮ ሊጨምሩብን ነው?» አሉኝ።

«የለም፣ ልጄን ሰጥቻለሁ» አልሁ። «ብቻ ለዚያች ጀልባ ትርፍ ቁልፍ ያስቀርጽ።»