ገፈርሳ ላይ እንቢ ያለው መጠቅለያ

ቀጄላን ከገፈርሳ ግድብ ውሃ ሲያወጡት የሸራው ገመድ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ስምንት ዓመት ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ያገለገለ፣ እንደ ዓሣ የሚዋኝ ሰው፣ በ1959 ዓ.ም. በሁዳዴ፣ ቡራዩ ደጃፍ ላይ ሰጥሞ ሞተ። ማን ያምናል?

የቡራዩ ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ወንዳፍራሽ አላመነም። የቀጄላን ባለ ሸራ ጀልባ አስጎትቶ ፊቷ ላይ ያለውን መጠቅለያ ፈታው። ገመዱ ሲሳብ እየዞረ የፊተኛውን ሸራ የሚጠቀልል ብረት ነው። ነፋስ በርትቶ እሱ እንቢ ካለ ጀልባዋ ትገለበጣለች።

ኩሽኔታው መሐል በግራሶ ፋንታ ቅቤ ተጠቅጥቋል። ያውም በአመድ የተለወሰ። በጠዋቱ ብርድ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

ወንዳፍራሽ ክው አለ። ይሄ የሰው እጅ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠረው ነጋዴውን ነገሳን ነው። ቀጄላ የሚያምነውን መጠቅለያ ሲያማርጥ ከርሞ፣ ነገሳ ያስመጣለት የውጭ አገሩ ባለፈው ሳምንት ሙከራ ላይ ነክሶ ቀረበት። ሰው ፊት መለሰለት። ነገሳ ቂም ይዟል ተባለ። ግን ነገሳ ቀጄላ ከመሞቱ በፊት ያሉትን ሦስት ቀን ሱሉልታ ለቅሶ ላይ ነበር፤ መንደሩ ሁሉ መሰከረለት።

የቀረው ሀሰኖ ነው። ሰበታ ቶርኖ ቤት ያለው፣ አሁን ጀልባዋ ላይ ያለውን ሁለተኛውን መጠቅለያ በእጁ የሠራው ሰው። ተያዘ። ከተፈረደበት ይሰቀላል።

«ለምን ገደልከው?»

«ወዳጄን?»

«ሁዳዴ ነው። እነቀጄላ ቤት ቅቤ አይገባም። እዚህ ነገር ውስጥ ጾም የሌለብህ አንተ ብቻ ነህ።»

«ኩሽኔታ ቅቤ የሚያጠጣ ቶርኖ ሠራተኛ አይተው ያውቃሉ፣ አለቃ? ዳር ላይ ልሞክረው ስለው፣ ‹አንተ የሠራኸው ደግሞ ምን ይሞከራል› ብሎኝ ገባ።» ሀሰኖ እንባውን በእጁ ጠረገ። «እስቲ ያሽትቱት። የሚበላ ቅቤ እንዲህ ይሸታል?»

ወንዳፍራሽ አሸተተ። አሪቲ ይሸታል። ሚስቱ እሑድ እሑድ አናቷ ላይ የምታደርገው ለጋ ቅቤ ሽታ ነው። እንዴት ያለሁ ጅል ነኝ፣ አለ በሆዱ፤ ጾሙ ለአፍ ነው እንጂ ለጸጉር ነው እንዴ? እነቀጄላ ቤት ያለችው ሴት አንድ ብቻ ናት።

የቀጄላ እናት አዴ ድንቅቱ ራሳቸውን ለሐዘን ተላጭተው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ወንዳፍራሽ ሰዉን አስወጥቶ አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«አዴ፣ መጠቅለያው ውስጥ ቅቤ የጨመረ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ሀሰኖን ያዙት ሲሉኝ ልመጣ ነበር። እግሬ እንቢ አለኝ።»

ወንዳፍራሽ መልሱን እያወቀ መጥቶ እንኳ ደነገጠ።

«ለምን አዴ?»

«‹ይኼ ካላሳፈረኝ ምጽዋ ወርጄ ባሕሩን አቋርጣለሁ፤ ከከዳኝ ግን ጀልባዋን ትቼ እርሻዬን አርሳለሁ› አለኝ ቀጄላ። ታላቅ ወንድሙን ባሕር በልቶብኛል። ሁለተኛ ልስጠው? ውሃ ሳይገባ ዳር ላይ ሁልጊዜ አዙሮ ይሞክራል። ዳር ላይ እንቢ እንዲለው ነበር፣ ልጄ። ዳር ላይ።»

ወንዳፍራሽ ሃያ ዓመት ወንጀለኛ ሲይዝ እንዲህ ያለ ገጥሞት አያውቅም። ሀሰኖን እንዲፈቱት ላከና የአሮጊቷን ክንድ ይዞ ቀስ ብሎ አስነሳቸው።

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ አዴ ድንቅቱ ቆሙ።

«ያን ዕለት ጠዋት ሲወጣ አናቴን አየና ‹አዴ፣ ቅቤሽ አለቀ እንዴ?› አለኝ። ‹ማታ ከሰበታ ገዝቼልሽ እመጣለሁ› ብሎ ስሞኝ ሄደ።»