ነጭ ቦሎቄ፣ ዝንጉርጉር ቦሎቄ

«ሮካምብራ፣ ዳቦ ቤት! ማን ልበል?»

ዴልፊና ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከቶሪኖ ነው፣ እትዬ ኤርሲሊያ። የአያት ኤቶሬ የልጅ ልጅ ነኝ። ስለ በረዶው ልጠይቅዎ ነበር።»

«ውይ በሞትኩት! የትኛዋ ነሽ አንቺ? ያቺ በበረዶ ሸርተቴ የምትወዳደረዋ?»

«አይደለሁም። ሌላዋ ነኝ።»

«ሌላዋ» የምትለዋን ቃል ከገዛ አፏ ስትሰማት እንደ ኮሶ መረረቻት። ዳቦ ጋጋሪዋ ግን ምንም ሳይመስላቸው ቀጠሉ።

«እሺ የኔ ቆንጆ፣ ጻፊ እንግዲህ። በረዶው ደጃፌ ላይ እስከ ጉልበቴ ደርሷል፤ አጭር ስለሆነች ነው እንዳትዪኝ ደግሞ! ትልቁ ቁልቁለት ደኅና ነው። ጀማሪዎች የሚማሩበት ትንሹ መስክ ግን ተዘግቷል። ሽቅብ የሚጎትታቸው ገመድ በጥምቀት ማግስት ተበጠሰና መለዋወጫው ይመጣል ይመጣል ሲሉ ይኸው የካቲት ገባ። ጀማሪ ካላችሁ እዚህ መጥታ ምን ልትሠራ ነው? ግድግዳ ልትቆጥር?»

እስከ «ደኅና ነው» ድረስ የሮጠው እስክሪብቶ በዚያው ላይ ቆመ።

በዚህ ቤተሰብ ዘንድ ከዐቢይ ጾም በፊት ባለችው የካርኒቫል ሳምንት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ወደ ተራራ መውጣት እንደ ሥርዓት የተያዘ ነው። የሚወጣባቸው መንደሮችም ሁለት ብቻ ናቸው፤ በአንድ ሸንተረር ፊትና ጀርባ የተቀመጡት ፕራሶላና ሮካምብራ። ፕራሶላ ፀሐይ የማይለያት፣ ሰፊና ሰው የሚርመሰመስባት ናት። ሮካምብራ በጥላ የተጋረደች፣ ጠባብና ጸጥተኛ ናት፤ በረዶዋ ግን እስከ ፋሲካ አይነካም። አያት ኤቶሬ የእንግዳ ማስተናገጃ ቢሮዎቹን አያምኑም። «በነሐሴ ብትደውሉላቸውም በረዶው ድንቅ ነው ይሏችኋል» ይላሉ። «ዳቦ ጋጋሪ ግን ሰው ሁሉ ሳይነቃ ተነሥቶ የገዛ ደጃፉን በአካፋ የሚጠርግ ነውና አይዋሽም።» ስለዚህ በየዓመቱ ለሁለቱ ዳቦ ቤቶች ይደወላል፤ የተነገረውም በአያት ሰማያዊ ደብተር ላይ ይሰፍራል። የመደወሉ ማዕረግ ዐሥራ አራት ዓመት ለሞላው ልጅ ነው። ዓምና የደወለችው የአክስቷ ልጅ ማርዚያ ነበረች። ዴልፊና ይህን ቀን ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው ቆይታለች።

የፕራሶላውን ቃል ጠዋት ጽፋ ጨርሳለች፤ «በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት፤ ከሰዓት በኋላ ይቀልጣል፤ ሁሉም ክፍት ነው» ይላል። አሁን ከሥሩ «ሮካምብራ፦ በረዶው እስከ ጉልበት፤ ትልቁ ቁልቁለት ደኅና ነው» የሚል ሰፍሯል። ከጻፈችው ቃል አንዱም ሐሰት አልነበረም። ዴልፊና ደብተሩን ዘጋችው።

ነገሩ የኦርኔላ ነገር ነበር። ኦርኔላ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከዴልፊና ጋር በአንድ ዴስክ የተቀመጠች፣ ከእርሷ ሌላ ጓደኛ ያልነበራት ልጅ ናት። በገና ሰሞን «ከእኛ ጋር ወደ ተራራ ነይ» ብላ የጋበዘቻት ራሷ ዴልፊና ነበረች። ኦርኔላ በዕድሜዋ ሸርተቴ ረግጣ ስለማታውቅ ማርዚያ አንድ ቀን መጥታ በግቢው ደረጃ ላይ አቋቋሙን አሳየቻት። ከዚያ ወዲህ ኦርኔላ አፏን በከፈተች ቁጥር የሚወጣው «ማርዚያ እንዲህ አለችኝ» ነው። ማርዚያ ጉልበትሽን እጠፊ አለችኝ። ማርዚያ ቀይ ጓንቷን ሰጠችኝ። ማርዚያ እኮ ስትስቅ አይተሻታል?

የማርዚያ ቡድን በዚያ ሳምንት የሚሠለጥነው ፕራሶላ ነው። ቤተሰቡ ፕራሶላን ከመረጠ ማርዚያ ከእነርሱ ጋር ታድራለች፤ ኦርኔላም እንደ ጥላ ትከተላታለች። ሮካምብራን ከመረጠ ግን ማርዚያ ከሸንተረሩ ማዶ ከአሠልጣኟ ጋር ትቀራለች። ያኔ ኦርኔላ የዴልፊና ብቻ ትሆናለች፤ ሰባት ቀን ሙሉ።

በማግስቱ እሑድ ቄሱ የሰበኩት ስለ ሳኦልና ስለ ዳዊት ነበር። ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ወጥተው «ሳኦል ሺህ ገደለ፤ ዳዊትም እልፍ ገደለ» ብለው እንደዘፈኑ፣ ሳኦልም ቀንቶ ዳዊትን ሊገድለው እንደፈለገ ተነበበ። ምእመናኑ ለዳዊት ሲያዝኑ ዴልፊና ብቻዋን ለሳኦል አዘነች። ሺህ ስንት ድካም እንደሆነ የጠየቀው ማን አለ?

ከቅዳሴ መልስ ሁሉም በአያት ቤት ምሳ በላ። ስኳር የተነሰነሰበት የካርኒቫል ቂጣ ሲቀርብ ኦርኔላ ደረሰች፤ የሸርተቴ ጫማ ልትለካ ነው የመጣችው። የዴልፊና አሮጌ ጫማ ጠበባት። የማርዚያ ግን ልክክ አለላት።

«ለአንቺ የተሠራ ነው የሚመስለው!» አለች ማርዚያ።

«የማርዚያ እግር እንደ አካፋ ስለሆነ ነው» አለች ዴልፊና።

«አካፋስ ደግ ነው፤ በረዶ ይጠርጋል» ብላ ኦርኔላ ሳቀች፤ ነገሩ ሹል እንደነበረ አልገባትም። በኮሪደሩ ላይ ቋ፣ ቋ እያለች እንደ ዳክዬ ተራመደች። ዴልፊና ተከትላት ወጣች።

«ኦርኔላ፣ ምናልባት ትንሹ መስክ ባይኖርስ? ትልቁን ቁልቁለት እኔ አስተምርሻለሁ።»

«በናትሽ አታስፈራሪኝ! ማርዚያ እስከ ረቡዕ ከትንሹ መስክ ንቅንቅ እንዳትዪ ብላኛለች። ትልቁ ላይማ አንገቴን ነው የምሰብረው።» ኦርኔላ ቀይ ጓንቷን አወለቀች። «ከሌለ ምን አደርጋለሁ? ካፌ ቁጭ ብዬ ትኩስ ቸኮላት እየጠጣሁ በመስኮት እጠብቅሻለኋ። ግን ለክፍሉ ልጆች በሙሉ ተምሬ እመጣለሁ ብያለሁ፤ ሼም ነው።»

በዚህ መካከል አያት በማንኪያ ጠረጴዛውን መትተው ወደ ምርጫው ጠሩ። እንግዳ ድምፅ አይሰጥምና ኦርኔላ በኮሪደሩ ቀረች፤ በሩም ተዘጋ።

ምርጫው የሚካሄደው በቦሎቄ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ነጭ፣ አንድ ዝንጉርጉር ይሰጠዋል። ነጩ ለፕራሶላ፣ ዝንጉርጉሩ ለሮካምብራ ነው። በፎጣ በተሸፈነው የሾርባ ሳህን ውስጥ አንዱን ይጥላል፤ ሌላውን ኪሱ ይከታል። አያት አይመርጡም፤ ይቆጥራሉ። መራጮቹ አምስት ናቸው፦ እናቷ፣ አባቷ፣ አክስቷ ሉቺላ፣ ማርዚያና፣ በመጨረሻ፣ ታናሺቱ ዴልፊና።

አያት መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«እስከ ጉልበት!» አለ አባቷ። «እንግዲህ ምን እንከራከራለን? ፕራሶላ ጭቃ ላይ ልንንሸራተት ነው?»

«ጀማሪ ይዘናል እኮ» አለች አክስቷ።

«ትንሹ መስክ ሮካምብራም አለ፤ እኔ ራሴ እዚያ ነው የተማርኩት» አለች እናቷ። «ባይኖር ዳቦ ጋጋሪዋ ትናገር ነበር።»

«እርግጥ ነው» አሉ አያት። «ኤርሲሊያ አትደብቅም። የእኛም ደዋይ ብትሆን የሰማችውን ታውቃለች።» ለዴልፊናም ከመነጽራቸው በላይ ፈገግ አሉላት።

ዴልፊና ዓይኗን ከደብተሩ አሸሸች። ማርዚያ ቀና ብላ አላየችም፤ ቦሎቄዎቿን በመዳፏ ላይ ታገላብጣለች። ሳህኑ ዞረ። እጅ ከፎጣው ሥር እየገባ ወጣ፤ አራት ጊዜ ጠብ አለ። ሳህኑ ፊቷ ሲቆም ዴልፊና ዝንጉርጉሩን በጣቶቿ መካከል ይዛው ነበር። እጇን አስገባች። መልቀቅ ብቻ ነበር የቀራት።

ከበሩ ማዶ ኦርኔላ ትራመዳለች፤ ቋ፣ ቋ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ቋ። ማርዚያ ያሳየቻትን እየተለማመደች ነው። ዴልፊና መስኮቱን በሐሳቧ አየችው፤ የካፌውን፣ በእንፋሎት የደበዘዘውን። ከኋላውም ቀይ ጓንት ያደረገ እጅ መስተዋቱን ሲጠርግና ትልቁን ቁልቁለት ሲፈልግ አየች። ኦርኔላ የእርሷ ብቻ ነበረች፤ በመስኮት ውስጥ።

እጇን ከነቦሎቄው አወጣች።

«አያቴ፣ ሳህኑ ይገልበጥ።»

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ።

«እትዬ ኤርሲሊያ ሌላም ነግረውኝ ነበር። የትንሹ መስክ ገመድ ተበጥሷል፤ ከጥምቀት ጀምሮ ዝግ ነው። ረስቼው አይደለም። ሳልጽፈው ነው የቀረሁት።»

ማርዚያ ቀስ ብላ አየቻት፤ ከዚያ ወደተዘጋው በር፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ እርሷ። ገብቷታል። ዴልፊና ስድቡን ጠበቀች።

«አንቺ ልጅ እኮ ጉድ ነሽ» አለች ማርዚያ በዝግታ።

አያት ፎጣውን ገልጠው ቦሎቄዎቹን ሳያዩ በጠረጴዛው ላይ ገለበጧቸውና በመዳፋቸው ከደኗቸው። ከዚያ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ወደ ዴልፊና ገፉ። ፈገግታቸው ጠፍቷል።

«እንግዲያው ጻፊው» አሉ። «በራስሽ እጅ።»

መስመሩ ጠባብ ነበር፤ ጠርዙ ድረስ ሄዳ ጨረሰችው። ሳህኑ እንደገና ዞረ። በዚህ ጊዜ ዴልፊና የጣለችው ነጩን ነው፤ ዝንጉርጉሩ ኪሷ ውስጥ ጭኗን ይቆረቁራት ነበር።

አያት ቆጥረው ሳይጨርሱ ማርዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ነበር። ዴልፊና በሩ ላይ ስትደርስ ማርዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የኦርኔላን ጫማ ዘለበት ታጠብቃለች፤ ኦርኔላም ትከሻዋን ተደግፋ ትስቃለች። ያ ቅናት ከዴልፊና ደረት ውስጥ አልወጣም ነበር፤ እዚያው በቦታው ተቀምጦ ይነድፋታል።

«ፕራሶላ ነው» አለቻቸው።

«ትንሹ መስክ አለ አይደል?» አለች ኦርኔላ።

«አለ።»

ዴልፊና ቀሚሷን ሰብስባ በማርዚያ አጠገብ ተንበረከከች።

«ቀኙን አንቺ ያዢ» አለቻት። «ግራውን ለእኔ ተዪው።»