ለኦቦ ነፊው የቀረበ ሻይ

ኢንስፔክተር ወለተ ኪዳን ሬሳው ያለበት አዳራሽ የደረሰችው በባጃጅ ነው። የመምሪያው መኪና ለነዳጅ ተሰልፎ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ባጃጁም ከግሽ አባይ ሰፈር ተነሥቶ ሐይቁ ዳር እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ሞተሩ ጠፋ። በዚያ ላይ ጉልበቷን ያማታል፤ በዚያ ላይ አለቃዋ ኮማንደሩ ደውሎ «ነገሩ ያለቀ ነው፤ ሻይ አቅራቢዋ ተይዛለች፤ አንቺ ፋይሉን ብቻ ዝጊ» ብሏታል። ሃያ ስድስት ዓመት ስትመረምር ያለቀ ነገር ገጥሟት አያውቅም። ያለቀ የተባለው ሁሉ ገና ያልተጀመረ ሆኖ ነው የሚጠብቃት።

ሟቹ ሣህሉ ይባላል። የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ሲሆን፣ በከተማው ኦርኬስትራ ውስጥ ኦቦ የምትባለውን ጥቁርና ቀጭን የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋ ነበር። ኦርኬስትራው እስከ ግንቦት የሚዘልቀውን የክላሲካል ሙዚቃ ኮንሰርቶች ወቅት ሊከፍት ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዕለቱ የጥቅምት ሐሙስ ነው፤ መክፈቻው ቅዳሜ።

ሣህሉ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ የልምምድ ክፍል ውስጥ ከወንበሩ ወድቆ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ኦቦዋ፣ አጠገቧ የሻይ ብርጭቆ አለ። ከብርጭቆው ሥር ማንኪያ የማትሞላ ሻይ ቀርታለች፤ ሁለት ጉንዳኖች ሞተው ይንሳፈፉባታል። መስኮቱ ላይ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ የተተከለ አበባ አለ። አፈሩ እርጥብ ነው፤ ጉንዳኖች በግድግዳው ስንጥቅ ተሰልፈው ይወጡበታል፣ ይወርዱበታል።

«እናንተ ደግሞ ምን ፍለጋ ነው?» አለች ወለተ ኪዳን፤ ጉንዳኖቹም ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚህ አዳራሽ በሥርዓት የሚሠራ እነሱን ብቻ ነው ያየችው። የቀሩት ሠላሳ ሰዎች ውጭ ቆመው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ።

ከኦቦዋ ጫፍ ከሸምበቆ የተላጠች ቀጭን ምላስ ተሰክታለች። ሙዚቀኞቹ ሪድ ይሏታል። ነፊው በከንፈሩ የሚይዘው እሷን ነው። ነጭና ንጹሕ ነበረች። አጠገቧ በተከፈተች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ስድስት ሌሎች ሪዶች ተደርድረዋል፤ የሁሉም ጫፍ ጠቋቁሯል። ሰባተኛው ቦታ ባዶ ነው። በኖታው መካከል ደግሞ የቅዳሜው የፕሮግራም ወረቀት ተጣጥፎ ነበር። የመጀመሪያው ሲምፎኒ ደራሲ «አምሐ» ይላል። በእርሳስ ተሰርዞ ከላዩ «ጥዑመ ልሳን» ተብሎ ተጽፏል።

መጀመሪያ የጠራችው ሰብለ ወንጌልን ነው፤ የመጀመሪያዋ ቫዮሊን ተጫዋች ናት፤ ሬሳውንም ያገኘችው እሷ።

«ሦስት ሰዓት ላይ ሻይ አቅራቢዋ ፀሐይወርቅ ሻዩን ይዛለት ገባች፣ ወጣች» አለች ሰብለ ወንጌል። «ከዚያ ሲነፋ እንሰማዋለን። ድንገት አቋረጠ። ሁላችንም የምንቃኘው እሱ በሚሰጠን ድምፅ ነው፤ ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ የለም። ልጠራው ሄድሁ። ከበሩ ሳላልፍ ጮህሁ።»

«ማን ቀድሞ ደረሰ?»

«አስናቀ፤ ክላርኔት ነፊው። እሱ አጠገቡ ቆየ። ቀጥሎ መሪያችን አምሐ መጣና አስናቀን መኪና እንዲያስቆም ላከው። እኛን አየር ያግኝ ብሎ አስወጣን።»

«ጥዑመ ልሳን ማን ነው?»

ሰብለ ወንጌል ግራ ገባት። «የሁላችንም አስተማሪ ነበሩ። ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ምነው?»

ቀጥሎ አስናቀ ገባ። ወለተ ኪዳን ወደ ኦቦዋ አመለከተችው።

«ይችን ሪድ እስቲ እያት። እንዳትነካት።»

አጎነበሰና ግንባሩን ቋጠረ። «አዲስ ናት። ሣህሉ እኮ ሪዱን የሚሠራው ራሱ ነው፤ አባቱ ዘንድ ደቅ ደሴት ሲሄድ ሸምበቆ ቆርጦ ያመጣል። አዲሷን መጀመሪያ አፍ ውስጥ አቆይቶ ነው የሚያርሳት። ከተነፋባት ጫፏ ይጠቁራል። ይች ከንፈር ነክቷት አያውቅም።»

«ሲነፋ ሰምታችሁት የለም እንዴ?»

«ሰምተነዋል» አለና ሪዷን እንደገና አያት።

የኦርኬስትራው መሪ አምሐ ከአዲስ አበባ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። በፒያኖ የተመረቀ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነው። ስለ ሣህሉ ከመናገሩ በፊት ሰዓቱን አየ።

«ኢንስፔክተር፣ ያሰራችኋት ሴትዮ ነገር እኮ ግልጽ ነው። ትናንት ከሣህሉ ጋር ሁላችንም ፊት ተጣልተዋል። አዳራሹ ውስጥ ዓሣ ስትጠብስ ‹ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ› ብሎ ጮኸባት። ሻዩን ያመጣችው እሷ፤ የጠጣው እሱ። እኔ ቅዳሜ የምከፍተው የኮንሰርት ወቅት አለኝ።»

«ሻዩን ሲጠጣ አይተውታል?»

«ሲጠጣስ አላየሁም። ግን በየቀኑ ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ሲመለስ አይቻለሁ። ዛሬም ባዶ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

«ስለ ሲምፎኒዎ ተነጋግራችሁ ነበር?»

«ስለ ኖታ ሁልጊዜ እንነጋገራለን» አለና ሰዓቱን ደግሞ አየ።

ፀሐይወርቅን ጣቢያ ሄዳ አገኘቻት። ነጠላዋን አፏ ላይ ጨብጣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል።

«እኔን ሰቅለው ይግደሉኝ እንጂ እሱንስ አልገደልሁም» አለች። «ሁልጊዜ ‹እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ› እያለ ብርጭቆውን ባዶውን ነው የሚመልስልኝ። ትናንት ምን እንደ ነካው እንጃ። ዓሣ እኮ ነው የጠበስሁት! ጮኸብኝ፤ ወዲያው ደግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታውን ማንም አልሰማ። ጩኸቱን ግን ሁሉም ሰማ።»

ወለተ ኪዳን ተናደደች። ሰው ሲሰደብ አገር ይሰማል፤ ሲታረቅ ጆሮ ያለው ይጠፋል። በዚህ ዓይነት ምስክር ስንቱ እንደ ታሰረ ስታስበው ጉልበቷ ባሰባት።

ዓርብ ጠዋት የብርጭቆው ውጤት መጣ፤ የተባይ ማጥፊያ መርዝ አለበት። ኮማንደሩ ወዲያው ደወለ። «አላልሁሽም? እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይድረስ።» ሪዷንና የአበባውን አፈር ለማስመርመር ጠየቀችው። ላቦራቶሪው አሁን መብራት እንደጠፋበትና ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ ነገራት። ስልኩን ዘጋችበት፤ ከዚያም መዝጋቷ አናደዳት።

በዚህ መካከል ነው የሣህሉ አባት መሪጌታ ገድሉ ከደቅ በጀልባ የደረሱት። ጥምጥማቸው የተስተካከለ፣ መቋሚያቸውን የያዙ ሽማግሌ ናቸው። አላለቀሱም። ቢሮዋ ገብተው ቆሙ።

«ልጄን ስጪኝና ልቅበረው» አሏት።

«አባቴ፣ ይቀመጡ። ምርመራው አላለቀም።»

«ሻይ ጠጥቶ ሞተ አሉኝ። በስንት ሰዓት?»

«በጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐሰት ነው። ልጄ ጽጌን ይጾማል። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አንድም ዓመት አላጓደለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንኳን ሻይ፣ ውኃም አይቀምስ።»

ወለተ ኪዳን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እሷም የመሪጌታ ልጅ ናት፤ አባቷ ይህንኑ ጾም ይጾሙ ነበር። ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። ካህናቱና ጥቂት ሰዎች እንጂ የከተማው ሰው አይጾመውም። የሚጾመውም አይናገረውም። ሐሙስ ጠዋት ጥቅምት ላይ አንድ ሰው ሻይ ይጠጣል ብሎ ማሰብ ማንንም አያሳፍርም፤ እሷን ግን አሳፈራት።

«ለማንም አልተናገረም ማለት ነው?»

«ጾም እየተናገሩ ይጾማሉ እንዴ? ሰው ሲሰጠው ይቀበል ነበር፤ ሰው እንዳይከፋው። ምን እንደሚያደርገው እንጃ።»

ወለተ ኪዳን ምን እንደሚያደርገው አወቀች። መሪጌታን ይዛ ወጣች። ፖሊስ ጠብቆ ያቆየውን ክፍል ራሷ ከፈተችና የቀለም ቆርቆሮውን አየች። ጉንዳኖቹ ዛሬም ተሰልፈዋል።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ሙዚቀኞቹ በየወንበራቸው ተቀመጡ፤ የሣህሉ ወንበር ባዶ ነበር። መሪጌታ ገድሉ ከፊት፣ ፀሐይወርቅ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀመጡ። ወለተ ኪዳን ኦቦዋንና የአበባውን ቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ አደረገች።

«ሣህሉን የገደለው ሻይ አይደለም» አለች። «የሪዱ መርዝ ነው። አስናቀ፣ ሪዷን ንቀልና አቀብለኝ።»

አስናቀ ተነሣ፣ እጁን ዘረጋ፣ መለሰው። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ እጁን ጠቀለለ። «በመሐረብ ከሆነ» አለ።

«ተወው። ሰብለ ወንጌል?»

«እኔስ ሞቼ ነው!»

«አቶ አምሐ፣ እርስዎ ቢያቀብሉኝስ? ከትናንት ጀምሮ ይች ነገር አታክታኛለች።»

አምሐ በትዕግሥት ማጣት ተነፈሰ። መጥቶ ሪዷን በባዶ ጣቶቹ ጫፏን ይዞ ነቀላትና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ወደ ወንበሩ ሊመለስ ዞረ።

«ይቁሙ» አለችው። «ሰው የገደለ መርዝ እንዲህ አይያዝም። ይች መርዝ እንደሌለባት በምን አወቁ?»

አምሐ ጣቶቹን አየ።

«ሁላችሁም አዳምጡኝ፤ ሁለት ጊዜ የምናገርበት ትንፋሽ የለኝም። ሣህሉ ጽጌን ይጾም ነበር። ፀሐይወርቅ እንዳይከፋት ሻዩን ይቀበላል፤ ስትወጣ አበባው ላይ ይደፋዋል። በየቀኑ ስኳር ያለው ሻይ የጠጣ አፈር ስለሆነ ነው ጉንዳን የወረረው። ረቡዕ ዕለትም የጮኸው በባዶ ሆዱ የዓሣ ጥብስ ሸትቶት ነው። ትናንትም ሻዩን ደፍቶታል፤ እኔ ስደርስ አፈሩ እርጥብ ነበር።

«አሁን ጉንዳኖቹን እዩ። ያንኑ ሻይ ሲልሱ አድረው በሕይወት አሉ። በብርጭቆው ሥር በቀረችው ሻይ የገቡት ሁለቱ ግን ሞተዋል። ስለዚህ ፀሐይወርቅ ያመጣችው ሻይ ንጹሕ ነበር። መርዙ ብርጭቆው ውስጥ የገባው ሻዩ ከተደፋ በኋላ ነው። ያስገባውም ባዶውን ብርጭቆ አይቶ ‹ጠጥቶታል› ብሎ ያመነ ሰው ነው።»

ፀሐይወርቅ ነጠላዋን ከአፏ አነሣች።

«የሚጾም ሰው አፍ ውስጥ በጠዋት የሚገባ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሪዱ። ሲነፋ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ኦቦዋ ላይ ያገኘኋት ግን ከንፈር ያልነካት አዲስ ናት። አንድ ሰው የተመረዘችውን ነቅሎ ይችን ተክቷል። ከሬሳው ጋር ብቻቸውን የቆዩት አስናቀና አቶ አምሐ ናቸው። አስናቀ ሪድ ሲያርስ ነው ያደገ፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ከሣጥኑ ጫፏ የጠቆረውን አሮጌ ያነሣ ነበር። ስድስት ነበሩለት። የቀየረው ሰው ፒያኖ ተጫዋች ነው። መርጦ መርጦ፣ የምታምረውን አዲሷን ሰካት።»

«ለምን ብዬ?» አለ አምሐ። ድምፁ የተለካ አልነበረም።

ወለተ ኪዳን የፕሮግራሙን ወረቀት ዘረጋች። «ለዚች እርሳስ። ቅዳሜ በእርስዎ ስም የሚከፈተው ሲምፎኒ የአስተማሪያችሁ የጥዑመ ልሳን ነው። ሣህሉ ያውቅ ነበር። ስንት ቀን ሰጥቶዎት ነበር?»

አምሐ ባዶውን የሣህሉን ወንበር አየ። «እስከ ሐሙስ» አለ። «‹ራስህ አስተካክለው፣ አለበለዚያ ከመድረክ እናገራለሁ› አለኝ። አራት ዓመት ለፋሁ! መብራት የለ፣ ኖታ የለ፣ ሰው የለ፤ ከምንም ተነስቼ ኦርኬስትራ አቆምኩ። አንድ ስም ቢተወኝ ምን ነበር? የሞተ ሰው ስም እኮ ነው!»

«ሪዷስ?»

«ሐይቁ ውስጥ ናት።»

ያች ማስረጃ በመጥፋቷ ወለተ ኪዳን ልቧ አረረ። ግን ሠላሳ ሰው ሰምቷል፤ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ምስክር ብርቅ ነው። ፖሊሶቹ ፀሐይወርቅን ትተው አምሐን ወሰዱት።

መሪጌታ ገድሉ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሰብለ ወንጌል ቀርባ «አባታችን፣ ቅዳሜን እንሰርዘው?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። «የአስተማሪው ድርሰት ነው አላችሁ?»

«አዎ።»

«እንግዲያስ በስማቸው ተጫወቱት። ልጄ የሞተበት ነው፤ እናንተም ብትተዉት በከንቱ ሞተ።»

አስናቀ ኮቱን አራግፎ ክላርኔቱን አነሣ። ኦቦ ከሌለ ድምፁን የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ልምምዱ ደግሞ መጀመር ነበረበት። የሰጣቸው የመጀመሪያው ድምፅ ተሰበረ፤ ሁለተኛውን ያዙት።

ፀሐይወርቅ ግን አልወጣችም። ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ቆርቆሮውን ታያለች።

«አንድም ቀን አልጠጣው?» አለች።

«ከጽጌው ወዲህ አንድም ቀን» አለች ወለተ ኪዳን። «ቢጠጣው ኖሮ አንቺን የሚያወጣሽ አልነበረም።»

ፀሐይወርቅ አለቀሰች፤ ከታሰረች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ አበባውን ከነቆርቆሮው አነሣችና በነጠላዋ ጠቅልላ አቀፈችው። ጉንዳኖቹ ወደ ክንዷ መውጣት ጀመሩ፤ አላራገፈቻቸውም።